በፈላና በር የጻፍኩት አራት ቁጥር

እሑድ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የሐምሌ ብርድ ስለነበር ጃኬት በጃኬት ደርቤያለሁ። ሚስቴ አየችኝና "ሐረር እንዲህ ሆነህ ከገባህ ያመመው ሰው መጣ ይሉሃል" ብላ ሣቀች።

እኔ የምጠራጠረው አየሩን ሳይሆን የምሄድበትን ሥራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ትምህርት እንደተዘጋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ "ለትራንስፖርት ጥናት ቆጣሪ ይፈለጋል፤ ሐረር አንድ ሳምንት ትቀመጣለህ" ብሎ ደወለልኝ። ቀጥሎ የላከልኝ ወረቀት መግቢያው ላይ፣ ጥሩ የትራንስፖርት ዕቅድ ሰውን ከገበያ፣ ከሕክምናና ከትምህርት ጋር ያገናኛል ይላል። ደግ ቃል ነው። ነገር ግን መጀመሪያ በተመደብኩባት ትንሽ የወረዳ ከተማም እንዲሁ ያለ ደግ ቃል በስብሰባ ላይ ተነብቦልን ነበር። ከዚያ መናኸሪያውን አውጥተው ሜዳ ላይ ተከሉት። ቤት ያከራዩኝ እናት በአሮጌው መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ዳቦ ይሸጡ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትተው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ክፉ ያሰበባቸው ሰው አልነበረም፤ ያሰባቸውም አልነበረም።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የወጣው ሳይነጋ ነው። መጠይቆቹን የያዘውን ቦርሳ በሁለት እግሮቼ መሃል አጥብቄ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። አዋሽን እንዳለፍን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ዘረጉልኝ። መንገድ ላይ ከማታውቀው ሰው አትብላ እየተባልኩ ያደግሁ ነኝና "ጾመኛ ነኝ" አልኳቸው።

"ብርቱካንም ትጾማላችሁ?" አሉ።

ሽማግሌው ከዘረጉልኝ ግማሽ አንዷን ገምሰው አፋቸው ከተቱና የቀረውን መልሰው ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ። አሰበ ተፈሪ ምሳ በበላንበት ቤት ደግሞ እጄን ልታጠብ ስነሣ ቦርሳዬን እሳቸው ጠበቁልኝ። ከቧንቧው ሥር ሆኜ ግን አንዴም ዓይኔን ከቦርሳው ላይ አላነሣሁም።

ከሂርና በኋላ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። እኛ አገር ሜዳው ሰፊ ስለሆነ የሚመጣ ሰው ፊቱ ከመለየቱ በፊት በአረማመዱ ይታወቃል። እዚህ ግን መኪና ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም። አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶት ለረጅም ጊዜ ቆምን። ሐረር የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከመናኸሪያው የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሁለት ጊዜ ዞረብኝ። ሊያጭበረብረኝ ነው ብዬ ስቆጣ ሾፌሩ "አቦ፣ በዚያ በኩል ሠርግ ዘግቶታል፤ ከፈለግህ ወርደህ እይ!" አለኝ። ወርጄ አየሁ። እውነትም ሠርግ ነበር።

ማደሪያዬ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ እንግዳ ከሚያሳድሩት ከሐጃ ሐሊማ ቤት ነው። ሐጃ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው እንደ እኛ ቤት ወንበርና ሶፋ የለውም። ወለሉ ራሱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ መቀመጫ ሆኗል፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳሕን ሸፍኖታል። ልብሴን ቀይሬ ራት ፍለጋ ልወጣ ስል ከበሩ መለሱኝ።

"የት ነው?"

"ሆቴል ራት ልበላ ነበር፤ እርስዎን እንዳላስቸግር።"

"ከቤቴ ወጥተህ ሆቴል ልትበላ? ሰው ምን ይለኛል? ሥጋ አላቀርብልህም፤ የናንተን አውቃለሁ፣ ከእኛ እርድ አትበሉም። እንቁላልና ፉል ሠርቻለሁ። ቁጭ በል።"

በላሁ። በኋላም የቡና ቅጠል በወተት ተፈልቶ መጣልኝ፤ ቁቲ ይሉታል። ጣዕሙ ደስ ይላል። ቢሆንም ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል መድከም ምን ፈልገው ነው እያልኩ አሰብኩ።

"ለምን ሥራ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"ለጥናት" አልኩ።

"የምን ጥናት?"

"የመንገድ።"

"እህ" አሉ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸውንም ተጠራጠርኩት።

ማክሰኞ

የቡድን መሪያችንን ኢንጂነር ብሩክን ፈረስ መጋላ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘሁት። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፈጣንና ትሑት ሰው ነው። አደባባዩ በታክሲና በባጃጅ ተጨናንቋል፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር የምናወራው። ጥናቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል አለኝ። አንደኛው የባጃጆቹ ማቆሚያ ከግንቡ ውጭ ይውጣ ወይስ እዚሁ ይቆይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከገጠር የሚመጡት ሚኒባሶች ሰው የት ያውርዱ የሚለው ነው። ስድስት የመቁጠሪያ ቦታ አለ። የእኔ አራተኛው፣ ከግንቡ በሮች አንዱ የሆነው ፈላና በር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እየቆምኩ የሚገባውንና የሚወጣውን እቆጥራለሁ።

ካርታውን ሲዘረጋው ከግንቡ ውጭ፣ ከፈላና በር ብዙ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሰማያዊ አራት ማዕዘን አየሁ። ውስጡ "ማቆሚያ" ተብሎ ተጽፎበታል።

"ይሄ ምንድን ነው? ገና ሳንቆጥር ቦታው ተወሰነ እንዴ?"

"ከድሮ ካርታ የቀረ ነው። እሱን ተወው" አለና እጁን አሳረፈበት።

እጁን እስኪያነሣ ጠበቅሁ፤ ሳያነሣ ካርታውን አጠፈው። ቀጥሎ አንድ ቀይ ጠመኔ ሰጠኝ። "ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዳይቸገር የቆምክበት ቦታ ላይ ቁጥርህን ጻፍ።"

ከሰዓት በኋላ ቦታዬን ለማየት በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ጥግ መያዝ አለበት። ከፈላና በር አጠገብ፣ አዲስ ኖራ የተቀባ የአንድ ቤት የበር መቃን ዓይኔን ሳበውና እዚያ ላይ ትልቅ "4" ጻፍኩ። ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ተመለስኩ። እንደዚያ ካለ ጽሑፍ ምን ሊከተል እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ መኖር አልነበረበትም። በየከተማው ቀይ ቁጥር ያረፈበት ቤት እንደሚፈርስ ማን የማያውቅ አለ? እኔ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪ ባለበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ያህል ቀለለኝ።

ረቡዕ

ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ቤቱ የሐጂ ዩሱፍ ነው። ሐጂ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ የድሮ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወንበር ወጥቶላቸው ከደጃፉ ተቀምጠው መቃኑን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። አጠገባቸው አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ነጂማ ቆማለች።

"ቀይ ነው?" አሉ ሐጂ።

"ቀይ ነው አባባ።"

"ቁጥር ነው ምልክት?"

"ቁጥር ነው። አራት ይላል።"

"እንግዲህ ከእኛ በፊት ሦስት ቤት አለ ማለት ነው" አሉ። "አላህ ያበርታቸው።"

ከሰዎቹ መሃል ሽንኩርትና ሰላጣ ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት ጠንካራ ሴት ነበረች። ስሟ ዘይነባ ነው፤ በኦሮሞ አክብሮት አደ ዘይነባ ይሏታል። ከገጠር እየመጣች ፈላና በር ላይ ትነግዳለች። ዓይኗ በእጄ በያዝኩት ወረቀት ላይ አረፈ።

"አንተ ወረቀት ይዘሃል። ይሄን የጻፈው ማነው?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ፈራሁ።

"እኔ መኪና ነው የምቆጥረው" አልኩ። "የግድግዳውን አላውቅም።"

ያኔ ነው ሐጃ ሐሊማን ያየኋቸው። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሽንኩርት ሊገዙ መጥተዋል። ፊቴን፣ ቀጥሎ ሱሪዬን ተመለከቱ። ሽንኩርታቸውን ገዝተው ሄዱ።

ያንን ቀን መቼም አልረሳውም። እኔ ባጃጅ እቆጥራለሁ፤ ነጂማ የቤት ዕቃ ታወጣለች። መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪናውን ከጎረቤት ጋር ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ፍራሽ፣ ከዚያ ሣጥን፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁርዓን ወደ አክስቷ ቤት አሻገረች። ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። የሚመጣው አፍራሽ ድንገት ከደረሰ አባቷ እንዳይደናገጡ ነው ቀድማ የምታወጣው። ሐጂ ቀኑን ሙሉ ከወንበራቸው አልተነሡም። እኔም ከቦታዬ አልተነሣሁም፤ በመካከላችን ያለው ርቀት አምስት እርምጃ አይሞላም።

ማታ ሐጃ ረቡዕ መሆኑን አስታውሰው ምስር ሠርተውልኝ አገኘሁ። በልቼ ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

"ሱሪህን ቀይርና ስጠኝ፤ ላስጥብልህ። ጠመኔ በውሃ ይለቃል።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ዝም ያሉት ነገ ለሰዉ ሁሉ ሊናገሩ ነው ወይስ ይዘውኝ ሊቆዩ ነው እያልኩ ተኛሁ።

ሐሙስ

እውነቱን ለመናገር፣ በማግስቱ ማልጄ የተነሣሁት ሰው ሳይመጣ ቁጥሩን አጥፍቼ ለመመለስ ነበር። መሐረቤን በውሃ ነክሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈላና በር ደረስኩ።

ሰው አይኖርም ያልኩት ቦታ በሰው ተሞልቷል። ሴቶች በራሳቸውና በጀርባቸው ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንጨት፣ ወተት ተሸክመው በበሩ ይገባሉ። ላብ አጥምቋቸዋል። መቁጠር የምጀምረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ እነዚህ እስከዚያ ተበትነው ያልቃሉ። በእኔ ወረቀት ላይ አንዳቸውም የሉም። ትናንት ባዶ የመሰለኝ በር ለካ ሥራውን ጨርሶ ነው የጠበቀኝ።

ቆሜ ሳይ ቆየሁና ወደ መቃኑ ተጠግቼ መጥረግ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሸክም ዱብ ሲል ሰማሁ።

"አንተ ነህ!" አለች አደ ዘይነባ።

መሐረቡ በእጄ ቀይ ሆኗል፤ የምክደው ነገር አልነበረም። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ዋላሂ ትናንት ዓይንህን አይቼ አውቄአለሁ። ነጂማ! ነጂማ፣ ውጪ!"

ሐጂ ዩሱፍ በልጃቸው ተደግፈው ወጡ። ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሩ የቤት ቁጥር እንዳልሆነ፣ እኔ አራተኛ ቆጣሪ እንደሆንኩ፣ ትናንትም ፈርቼ እንደዋሸሁ አልደበቅሁም።

"ሦስቱ ቤቶችስ?" አሉ ሐጂ።

"ቤት የለም ሐጂ። ሦስቱም እንደ እኔ ያሉ ቆጣሪዎች ናቸው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው ድምፃቸውን አጠነከሩ። "ስማኝ። ትናንት ፍራሼን ያስወጣኸው አንተ ነህ። ወለል ላይ ነው ያደርኩት። ዛሬ አንተው ታስገባለህ።"

አስገባሁ። የልብስ ስፌት መኪናው ብረት ነው፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ለሁለት ስንሸከመው ግድግዳው የጣቴን አንጓ ላጠው። ያየ ሁሉ "ምንድን ነው?" ይላል፤ ነጂማ "ቆጣሪው ነው፣ ዕቃችንን እየመለሰ ነው" ትላለች። ሰባቱንም ጊዜ ተመላለስኩ። ሲያልቅ ሐጂ ቁቲ አስፈሉልኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አሁን ጠይቅ። ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ከመጻፍ በፊት ሰውየውን መጠየቅ ነበረብህ።"

ጠየቅኋቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ነጂማ ፈረስ መጋላ ወጥታ ባጃጅ ትጠራለች፣ የሚደርስበት ድረስ ይመጣላቸዋል። "ማቆሚያው ከግንቡ ውጭ ከወጣ ማን ይመጣልኛል? እሷ ተሸክማኝ ትወጣለች?" አሉ።

አደ ዘይነባ ከውጭ ሆና ሰማች። "እኔ ደግሞ ልንገርህ" አለች። "ሚኒባሱ ሩቅ ነው የሚጥለን። ከዚያ በእግር ነው። የያዝነው ወተት ይረጋል፣ ሰላጣው ይጠወልጋል። በራችን ላይ ቢያወርደን አንድ ሰዓት አተርፋለሁ፤ ልጆቼን ቁርስ አብልቼ ትምህርት ቤት ልኬ እመጣለሁ። ባጃጆቹ ሰው ሲጠብቁ በሩን ስለሚዘጉት ነው ሚኒባሱ የማይጠጋው። እኔ ይውጡ ነው የምለው።"

"ይውጡ ትያለሽ? እኔ ልሙት?"

"ኧረ አቦ ሐጂ፣ እርስዎን አልኩ?"

ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔ ደግሞ የማን ወገን እንደሆንኩ ሁለቱም ይጠረጥሩ ነበር።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ መጥቼ በራሴ ወረቀት ሌላ ቆጠራ ጀመርኩ። በእግር የሚገባውን፣ የሚሸከመውን፣ ታሞ የሚወጣውን ለየሁ። ወደ ሦስት ሰዓት ኢንጂነር ብሩክ ለቁጥጥር መጣ። ወረቀቱን አገላበጠና ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው? ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ነው።"

"ቅጹ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት የሚገቡትን አያይም።"

"ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ? ትናንት የአንድ ሰው ዕቃ ስትሸከም እንደዋልክ ሰምቻለሁ። ምን አበሉህ?"

"ምስርና ፉል" አልኩ።

አልሣቀም። እኔም በተራዬ "ሰማያዊው አራት ማዕዘን በእርግጥ ከድሮ ካርታ የቀረ ነው?" አልኩት። እሱ እኔን የሰፈሩ ሰው ገዝቶታል ብሎ ያስባል፤ እኔ እሱን መልሱን ይዞ የመጣ ጠያቂ አድርጌዋለሁ። በመጨረሻ "ነገ ከነዋሪው ጋር ስብሰባ አለ፤ ወረቀትህን ይዘህ ና። ግን አንብብ ካላልኩህ እንዳታነብ" ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ውስጥ የሰፈሩ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሐጂ ዩሱፍ በባጃጅ መጥተዋል፤ አደ ዘይነባ ገበያዋን ለጎረቤቷ ትታለች፤ ሐጃ ሐሊማም አሉ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት የማዘጋጃ ቤት ሰውዬ ስለ ልማት ብዙ ከተናገሩ በኋላ "ማቆሚያው እንደተወሰነው..." አሉና ቆሙ። "እንደታሰበው ማለቴ ነው" ብለው አረሙ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ዞሬ ኢንጂነር ብሩክን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል። ያን ጊዜ እሱም እንደ እኔ ያልነገሩት ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። እጁን አወጣ።

"ፈላና በር ላይ ከቅጹ ውጭ የተሰበሰበ መረጃ አለ" አለ። "መምህር፣ አንብበው።"

አነበብኩ። ከቅጹ ሰዓት በፊት የሚገቡት፣ ቅጹ ውስጥ ካሉት እንደሚበዙ ተናገርኩ። ከዚያ ሐጂ ዩሱፍ ተነሥተው የራሳቸውን፣ አደ ዘይነባ የራሷን ተናገሩ። ፊት ለፊት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ዘይነባ "ሚኒባሱ እኮ ጠዋት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። እስከ ሁለት ሰዓት በሩን ይልቀቁልን፤ ከዚያ ባጃጁ ይግባ፣ ሐጂን ይውሰድ" አለች። ሐጂ ወደ እሷ ዞሩ።

"እኔም ሐኪም ቤት የምሄደው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው" አሉ። "እንግዲህ ምን ያጣላናል?"

መድረኩ ላይ ያሉት ሰውዬ "ሐሳቡ ይታያል" አሉ። ይህን ቃል ብዙ ስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ፤ አላመንኩትም። ኢንጂነሩ ግን ከአጠገቤ ሆኖ ሲጽፍ አየሁ፤ አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። እውነትም ጽፎታል።

እሑድ

ለመንገድ ሐጃ ሐሊማ ሰምቡሳ ጠቀለሉልኝ። "ምስር ነው፣ ሥጋ የለበትም" አሉ። ስንሰነባበት ልቤ ውስጥ የቆየውን ጠየቅኋቸው።

"ረቡዕ ዕለት እኔ መሆኔን ካወቁ ለምን አልተናገሩም?"

"እኔ ብናገር ይጠሉህ ነበር። አንተ ስትናገር ዕቃ አሸከሙህ፤ በቃ አለቀ።"

"ባልናገርስ?"

"ሐሙስ ማታ ራት አልነበረህም" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አላየሁበትም።

ከተመለስኩ ወራት አለፉ። ጥናቱ ይጽደቅ አይጽደቅ የነገረኝ የለም። ኢንጂነር ብሩክን ሁለት ጊዜ ደውዬለት "በሂደት ላይ ነው" ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ሐጃ ሐሊማ ደወሉ።

"ሌሎች ሰዎች መጥተዋል" አሉኝ። "ፈላና በር ላይ ከጎሕ ጀምሮ ቆመው ይቆጥራሉ። ሴቶቹን ጭምር። ግድግዳ አልነኩም።"

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "እንግዲህ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው!"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እርስዎስ ምን አደረጉ?"

"ቁርስ አበላኋቸው" አሉ ሐጃ። "ከዚያ መታወቂያቸውን ጠየቅሁ።"